መብራት ሲመጣ ራሱ የሚነሳ

ሠፈር ውስጥ መብራት ሲመጣ ልጆች በአንድ ድምፅ «መጣ!» ብለው ይጮኻሉ። ፍሪጁ ያጉረመርማል፣ ራውተሩ ዓይኑን ማርገብገብ ይጀምራል። ከራውተሩ አጠገብ፣ ከመጋረጃው ሥር የተቀመጠው የቤት ሰርቨርስ?

ለቤት የሚሆን ሰርቨር ሲመረጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው። የቤተሰብ ፎቶ ለማከማቸትና አንድ አነስተኛ ድረ ገጽ ለማስተናገድ ግን ደካማ የሚባለው ኮምፒውተር እንኳ ይበቃል። የሚከብደው ሌላው ነው። ዋሽንግተን ያለችው እህት ከሥራ ገብታ የልጆቹን ፎቶ ስትከፍት እዚህ ሌሊት ስምንት ሰዓት ይሆናል። በዚያ ሰዓት ከአልጋው ወርዶ ቁልፍ የሚጫን የለም።

ከቆጣሪው እንጀምር። አንድ ዋት ዓመቱን ሙሉ ሳያቋርጥ ሲበላ 8.76 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። 80 ዋት የሚወስድ አሮጌ ዴስክቶፕ በዓመት 700 ያህል ይፈጃል፤ 5 ዋት የሚበቃው 44 ገደማ። ነገሩ የገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አላከርረውም ነበር፤ ልዩነቱ የሚታየው ባትሪ ላይ ነው። በትንንሽ ዩፒኤሶች ሆድ ውስጥ የምትገኘው 12 ቮልት፣ 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ትይዛለች። እስኪደርቅ ከተመጠጠች ዕድሜዋ ያጥራልና ግማሹን ብቻ እንቁጠር። ዴስክቶፑን ግማሽ ሰዓት እንኳ በቅጡ አታቆየውም፤ ባለ 5 ዋቱን ግን፣ በመንገድ የሚባክነው ተቀንሶ፣ ሰባት ሰዓት ያህል ትይዘዋለች። ራውተሩም ከዚያችው ባትሪ ድርሻ እንዳለው አይዘንጋ፤ እሱ ከጠፋ ሰርቨሩ በርቶ ማደሩ ለማንም አይጠቅምም።

የዚህ ቁጠባ ታሪክ የሚጀምረው እንግሊዝ አገር፣ ካምብሪጅ ነው። ሶፊ ዊልሰንና ስቲቭ ፈርበር አኮርን በተባለው ኩባንያ የነደፉት የመጀመሪያው አርም ቺፕ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1985 ከፋብሪካ መጣ። ፈርበር ምን ያህል ኃይል እንደሚወስድ ሊለካ ቢሞክር መለኪያው ዜሮ አለው። ቺፑ ግን ይሠራል! ኋላ ሲታይ የኃይል መስመሩ ጭራሽ አልተገናኘም ኖሯል፤ ቺፑ በሌሎቹ መስመሮች ሾልኮ በሚገባው ቅንጣቢ ኃይል ነበር የሚንቀሳቀሰው። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለገበያ የቀረበችው ባለ 35 ዶላሯ ራዝቤሪ ፓይ የዚሁ የአርም ዘር ናት። የተሠራችው ልጆች ፕሮግራም መጻፍ እንዲማሩባት ነበር፤ ሰርቨር ያደረጓት አዋቂዎቹ ናቸው።

ፓይ ማብሪያ ማጥፊያ አትጠብቅም፤ ኃይል ሲደርሳት ትነሳለች። ችግሯ አወዳደቋ ላይ ነው። በሚሞሪ ካርድ ላይ እየጻፈች ሳለ መብራት ድንገት ቢሄድ ፋይሎቹ ሊበላሹ ይችላሉ፤ ያ ከሆነ መብራቱ ሲመለስ አትነሳም። ስለዚህ ከፓይ ትውልዶች አራተኛዋን ወይም አምስተኛዋን ገዝቶ ከኤስኤስዲ ማስነሳት ይሻላል። ሌላም ጠባይ አላት፦ እስከ አራተኛዋ ድረስ የራሷ ባትሪ ያለው ሰዓት የላትም። ከረጅም መጥፋት በኋላ ስትነቃ ቀኑን ከኢንተርኔት እስክትጠይቅ ድረስ ትናንት ላይ እንዳለች ታስባለች፤ ራውተሩ ከእሷ ዘግይቶ ከተነሳ ደግሞ ቀኑን የሚፈትሹ አገልግሎቶች ሁሉ ይደናበራሉ። አምስተኛዋ ሰዓት አላት፣ ባትሪዋ ግን ለብቻው ይገዛል። ቻርጀሯም 5 ቮልት፣ 5 አምፒር እንዲሆን ይመከራል፤ ከመሳቢያ የተገኘ የስልክ ቻርጀር አይሆናትም።

እኔ ብጠየቅ ወደ ትንንሾቹ ሚኒ ፒሲዎች አዘነብላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የኢንቴል ኤን 100 ፕሮሰሰር 6 ዋት ተብሎ ይጻፍለታል። ያ የፕሮሰሰሩ መጠን ነው እንጂ የሳጥኑ ሁሉ ፍጆታ አይደለም፤ ቢሆንም ሥራ ሲፈታ ሳጥኑ በሙሉ ብዙ ጊዜ ከ10 ዋት አይበልጥም። ፋን የሌለው ከተገኘ የተሻለ ነው፤ አቧራችን ለፋን አይራራም። ቲን ክላየንት የሚባሉት ያገለገሉ ትንንሽ የቢሮ ኮምፒውተሮችም አይናቁም። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፦ እነዚህ ሳጥኖች ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ ብዙዎቹ ጠፍተው ነው የሚቆዩት፤ ባዮስ ውስጥ ገብቶ ኃይል ሲመለስ እንዲበሩ ማዘዝ ያስፈልጋል።

አሮጌ ላፕቶፕስ? ባትሪው በሆዱ፣ ስክሪኑ ከነኪቦርዱ፣ ያውም በነጻ። ለአጭር መቋረጥ ጥሩ ነው። ባትሪው ካለቀ በኋላ ግን ብዙዎቹ ቁልፍ ካልተጫነ አይነሱም፤ ዓመቱን ሙሉ ቻርጀር ላይ የከረመ ባትሪም ሆዱ ሊያብጥ ይችላል።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት የራውተሩን ገጽ ከፍቶ ከውጭ የተሰጠውን አድራሻ ማየት ነው። ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው የሚጀምር ከሆነ መስመሩ አድራሻውን ከሌሎች ደንበኞች ጋር ይጋራል፤ ሰርቨሩ የቱንም ያህል ቢያምር ከውጭ በቀጥታ አይገኝም። ያኔ ውጭ አገር በትንሽ ኪራይ ከሚገኝ ማሽን ጋር በቪፒኤን ማገናኘት ይቀራል።

ሁሉም ተሟልቶ ሥራ ከጀመረ በኋላ የምመክረው ፈተና አንድ ነው። ጠቃሚው ሁሉ ቅጂ እንዳለው ይረጋገጥና ሰርቨሩም ራውተሩም የተሰኩበት ዲቫይደር ከግድግዳው ይነቀል። ዩፒኤስ ካለ ባትሪው እስኪያልቅ ይጠበቅ። ከዚያ መልሶ መሰካት፣ እጅን ከቁልፉ ማራቅ፣ ቡና እስኪፈላ መቆየት፤ በመጨረሻም የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ በሞባይል ዳታ ፎቶዎቹን ለመክፈት መሞከር።