መኪናው ስለ እኛ ምን ያውቃል?

በቂርያት ጋት የኢንዱስትሪ ቀጠና በሚገኘው የኢንቴል ፋብሪካ የኮምፒውተር ቺፕ ይመረታል። ይኸው ኩባንያ በ2017 የመኪና ካሜራና ራስን የመንዳት ቴክኖሎጂ የሚሠራውን የኢየሩሳሌሙን ሞባይልአይ በ15.3 ቢሊዮን ዶላር ገዝቷል። ስለዚህ ራሱን የሚነዳ መኪና ነገር ከደጃችን ሩቅ አይደለም።

እንዲህ ያለ መኪና ያለ ዓይን አይሄድም። ውጭውን በካሜራና በራዳር ያያል፤ ያለበትን ቦታ በሳተላይት ያውቃል፤ አንዳንዱ የተሳፋሪውንም ክፍል ይቀርጻል። ዛሬ በሾፌር የሚነዱ ብዙ አዳዲስ መኪናዎችም የሄድንበትን መዝግበው በኢንተርኔት ለአምራቹ ይልካሉ።

«እኔ የምደብቀው የለኝም» የሚሉ አባቶችና እናቶች ይኖራሉ። እኛ የማኅበረሰብ ነርሶች ግን ነገሩን በጤና በኩል እናየዋለን። በኩፓት ሆሊም የሚነገረንን ምስጢር እንድንጠብቅ የ1996ቱ የሕመምተኛ መብት ሕግ ያስገድደናል። መኪናው ግን በሳምንት ሦስት ቀን ኩላሊት ማጠቢያ ደጃፍ ለሰዓታት መቆሙን ከመዘገበ፣ ማንም ሳይናገር በሽታው ታወቀ ማለት ነው። ይህን የኢንሹራንስ ድርጅት ወይም አሠሪ ቢያየው ጉዳቱ የማን ነው?

ስጋቱ እንዲያው ግምት አይደለም። ሮይተርስ በአፕሪል 2023 እንደዘገበው፣ ከ2019 እስከ 2022 የቴስላ ሠራተኞች የደንበኞች መኪና ካሜራ የቀረጻቸውን ምስሎች እርስ በርሳቸው ይላላኩ ነበር። በጃንዋሪ 2025 ደግሞ የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጄኔራል ሞተርስን ከሰሰ፤ መኪናዎቹ ያሉበትን ቦታ አንዳንዴ በየ3 ሴኮንዱ እየመዘገበ፣ ያለ ባለቤቶቹ በቂ ፈቃድ መረጃውን ሸጧል በማለት። መረጃው የኢንሹራንስ ዋጋ ለመተመን ይውል ነበር።

በእስራኤል የ1981ዱ የግላዊነት ጥበቃ ሕግ አለልን። መረጃ የሚጠይቀን አካል የመስጠት ግዴታ እንዳለብን ወይም እንደሌለብን፣ ለምን እንደሚፈልገውና ለማን እንደሚያስተላልፈው ሊነግረን ይገባል። ስለ እኛ የተያዘውን መረጃ ለማየትና ስሕተት ካለው እንዲታረም ለመጠየቅም መብት አለን። ከኦገስት 2025 ጀምሮ የጸናው ማሻሻያ ሕጉን በሚጥሱ ላይ የሚጣለውን ቅጣት አጠንክሯል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መኪና ስትገዙ ምን እንደሚመዘግብና እንዴት እንደሚዘጋ ጠይቁ። ጽሑፉ በዕብራይስጥ ከሆነ ልጆቻችሁ ሳያነቡላችሁ አትፈርሙ።

ሁለተኛ፣ መኪና ስትሸጡ ወይም የተከራያችሁትን ስትመልሱ፣ ያገናኛችሁትን ስልክ፣ የስልክ ቁጥሮችና የቤት አድራሻችሁን ከመኪናው አጥፉ።

ሦስተኛ፣ በሥራ ቦታ መኪና የምትነዱ፣ ካሜራ ወይም መከታተያ እንዳለው፣ ከሥራ ሰዓት ውጭም ይሠራ እንደሆነ አሠሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ፤ መልሱንም አስቀምጡ።

አራተኛ፣ መልስ ካጣችሁ በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ላለው የግላዊነት ጥበቃ ባለሥልጣን አመልክቱ፤ በዕብራይስጥ ሃራሹት ለሃጋናት ሃፕራቲዩት ይባላል።

አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ይላሉ። ከመኪና የወጣ መረጃም እንዲሁ ነውና፣ ሳይወጣ መጠየቁ ይሻላል።