ያረጀ ሸክላ ሁሉ ባለቤት አልባ አይደለም

በላስ ቬጋሱ ዘ ስትሪፕ ካዚኖዎች ፈረቃቸውን ጨርሰው ሌሊቱን ላፕቶፕ ላይ ቢት በሚሠሩ የሐበሻ ልጆች መካከል ስለ ሳምፕል፣ ማለትም ከሌላ ሰው ቅጂ ድምፅ ቆርጦ ስለ መጠቀም፣ ሦስት ወሬዎች ይዞራሉ። «ከስድስት ሰከንድ ካላለፈ አይጠየቅም።» «የድሮ አማርኛ ዘፈን ባለቤት የለውም።» «ኢንተርኔት ላይ በነፃ ከተገኘ ነፃ ነው።» ሦስቱም ስህተት ናቸው። ሦስተኛው መልስ እንኳ አያሻውም፤ ማንም ሰው የማንንም ዘፈን ኢንተርኔት ላይ መጫን ይችላልና። የሁለቱን ግን ላስረዳ። (ካልገለጽኩ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በሕግ የተጻፈ የሰከንድ ልክ የለም። በ2005 የአሜሪካ ስድስተኛ ወረዳ ይግባኝ ፍርድ ቤት ሁለት ሰከንድ የምትሆን የጊታር ድምፅ ስለተወሰደበት ጉዳይ ሲወስን፣ ወይ አስፈቅዱ ወይ ሳምፕል አታድርጉ አለ። በ2016 ደግሞ ኔቫዳን የሚያጠቃልለው ዘጠነኛው ወረዳ፣ በማዶና «ቮግ» ውስጥ ገባች የተባለችውን የ0.23 ሰከንድ የትራምፔትና የትሮምቦን ድምፅ ለክስ የማትበቃ ኢምንት ናት ብሎ ተቃራኒውን ፈረደ። የላስ ቬጋሱ ልጅ በሁለተኛው ቢጽናና አልፈርድበትም። ነገር ግን ዘፈኑ በስድስተኛው ወረዳ ሥር ባለችው ናሽቪልም ይደመጣል።

ወደ ዕድሜው እንሂድ። አንድ ሸክላ ላይ ሁለት መብት ተደራርቧል፦ የዜማውና ግጥሙ አንድ፣ የተቀረጸው ድምፅ ሌላ። በአገራችን መሬቱ የመንግሥት፣ ቤቱ የግለሰብ እንደሚሆነው ሁሉ፣ እዚህም የአንዱ ባለቤት ሌላውን ሊሰጥህ አይችልም። ሳምፕል የሚያደርግ ሰው ሁለቱንም ይነካል።

አሜሪካ በ2018 ባወጣችው ሕግ መሠረት ከ1923 በፊት ለገበያ የወጡ ቅጂዎች በሙሉ ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 የሕዝብ ሀብት ሆነዋል። ከ1923 እስከ 1946 የወጡት መቶ ዓመት ይጠብቃሉ፤ የ1925ቱ ነፃ የሚወጡበት ቀን ጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ነው። ከ1947 እስከ 1956 የወጡት 110 ዓመት ይቆያሉ። ከዚያ በኋላ እስከ ፌብሯሪ 15 ቀን 1972 የተቀረጸው ሁሉ እስከ 2067 የተዘጋ ነው። ቁም ነገሩ የወጣበት ዓመት እንጂ የተቀረጸበት አይደለም፤ ለገበያ ሳይወጣ ሣጥን ውስጥ የቀረ የ1900 ቅጂ ከ1960ዎቹ ዘፈኖች ጋር 2067ን ይጠብቃል።

አሁን አምሃ እሸቴ በ1969 በመሠረተው አምሃ ሪከርድስ ከ1972 በፊት የታተመ አንድ ሸክላ ውሰዱ። በእኛው አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዓ.ም. የድምፅ ቅጂ አሳታሚ መብት የሚቆየው ሃምሳ ዓመት ነው፤ አልፏል። የአሜሪካው ሕግ ግን ከ1972 በፊት የተቀረጹትን ሲዘረዝር የአገር ልዩነት አያደርግም። ስለዚህ ያው ሸክላ ፒያሳ ላይ ሃምሳ ዓመቱን የጨረሰ፣ ዘ ስትሪፕ ላይ ገና አርባ ዓመት ያህል የሚቀረው ይሆናል። ዜማው ደግሞ በአዋጁ ደራሲው በሕይወት እስካለና ካረፈም በኋላ ሃምሳ ዓመት ይጠበቃል። በ1943 የተወለደው ሙላቱ አስታጥቄ፣ ናስና ዴሚያን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኤንተር» ላይ ሥራውን ሳምፕል ሲያደርጉ በሙሉ ጤና መድረክ ላይ ነበር። ባለቤት የለውም የሚባለው እንግዲህ ይህ ሰው ነው?

በእርግጥ ነፃ የሆነ የኢትዮጵያ ድምፅ አለ። አዝማሪ ተሰማ እሸቴ፣ አፄ ምኒልክ የመኪና ሙያ እንዲማሩ ጀርመን ልከዋቸው ሳሉ በ1908 ገደማ ሸክላ አስቀረጹ። የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሙዚቃ ሸክላ በሾፌርነት ትምህርት መሐል በመወለዱ የላስ ቬጋስ ባለታክሲዎቻችን ሊኮሩ ይገባል። ከ1923 በፊት የወጣ ስለሆነ ቅጂው በአሜሪካ ክፍት ነው።

ልጆቹ «ይንሿሿል፣ ቤዝ የለውም» ብለው ይሸሹታል። እዚህ ላይ ነው ትዕግሥቴ የሚያልቀው፤ ቤዝ አለመኖሩ ነው ጥቅሙ።

ከ1925 በፊት በነበረው አቀራረጽ ማይክሮፎን የለም፣ ኤሌክትሪክ የለም። ዘፋኙ ወደ አንድ ትልቅ መለከት ይጮኻል፤ የአየሩ ግፊት ጫፉ ላይ የተወጠረች ስስ ሽፋን ያርገበግባል፤ ሽፋኗ መርፌ ትነቀንቃለች፤ መርፌው ሰም ላይ ቦይ ይቆፍራል። መርፌውን የሚነቀንቀው ጉልበት ከዘፋኙ ሳንባ በቀር ከየትም አይመጣም። መለከቱ ከመጠኑ አንጻር በጣም ረዣዥም የሆኑትን የወፍራም ድምፅ ሞገዶች አያስተላልፍም። ሽፋኗና መርፌው ደግሞ ክብደት ስላላቸው በጣም ፈጣኑን ንዝረት መከተል ያቅታቸዋል። ከላይም ከታችም ተቆርጦ የሚቀረው በግምት ከ200 እስከ 2,000 ኸርዝ ያለው ነው።

የወንድ ድምፅ መሠረታዊ ንዝረት ብዙ ጊዜ 120 ኸርዝ አካባቢ ነው፤ ሸክላው ላይ የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ ለምን የሴት መስሎ አይሰማንም? መሠረቱ ቢጠፋም ብዜቶቹ፣ 240፣ 360፣ 480፣ ሰሙ ላይ አሉ። አእምሯችን በመካከላቸው ያለውን እኩል ርቀት አስልቶ ያልሰማውን 120 ራሱ ይሞላል። ስለዚህ ከ150 ኸርዝ በታች ያለውን በማጣሪያ ብትቆርጠው የምታጣው የማሽኑን ጉርምርምታ ብቻ ነው። በባዶው ቦታ የ808 ድራም ማሽንን ከበሮ አስቀምጥ፤ እርሱ 50 ኸርዝ አካባቢ ስለሚመታ ከአዝማሪው ጋር አይጋፋም። የ1970ዎቹን ፈንክ ሳምፕል ያደረገ ሰው ከተቀረጸው ቤዝ ጋር ስንት ሌሊት እንደሚታገል ያውቃል።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ፍጥነቱ። «78 ዙር» የተባለው ሸክላ በዚያ ዘመን ከ78 በታችም በላይም ይቀረጽ ነበር። ስድስት በመቶ ስታፈጥነው ድምፁ በግማሽ ቶን ያህል ይወጣል። ደግነቱ በድምፆቹ መካከል ያለው ጥምርታ አይዛባምና ትዝታው ትዝታ፣ ባቲው ባቲ ሆኖ ይቀራል፤ የሚለወጡት ከፍታውና የምቱ ፍጥነት ናቸው።

በእኛ በድምፅ አዳሾች ሥራ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። የተሰማ ሸክላዎች በቡዳ ሙዚክ «ኢትዮፒክስ» 27ኛ እትም ታድሰው ወጥተዋል። እድሳት አዲስ መብት ይፈጥራል? ዘጠነኛው ወረዳ በ2018 አዲስ የፈጠራ አስተዋፅኦ ከሌለው አይፈጥርም ብሏል። የባልደረቦቼ ጆሮ ግን ፈጠራ ነው አይደለም የሚለው ክርክር አላለቀም፤ በአውሮፓ ሕግም መልሱ የተለየ ሊሆን ይችላል። አማራጩ ከዋናው ሸክላ በቀጥታ የተገለበጠ ቅጂ መፈለግ ነው።

ነፃ የሆኑ ሌሎች ድምፆችን ለሚፈልግም በሩ ክፍት ነው። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት «ናሽናል ጁክቦክስ» የዚያን ዘመን ሸክላዎች ያስደምጣል፤ በ2020 ያወጣው «ሲቲዝን ዲጄ» ደግሞ በተለይ ለሂፕ ሆፕ ሠሪዎች የተዘጋጀ ነው። በሳንታ ባርባራ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከ10,000 በላይ የሲሊንደር ቅጂዎችን አስቀምጧል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች በሥራቸው የሠሩት ቅጂም የሕዝብ ነው፤ የናሳ የበረራ ንግግሮች ዋነኛው ምሳሌ ናቸው።

እንግዲህ ከማውረድህ በፊት ሦስት ነገር ጠይቅ፦ ለገበያ የወጣው መቼ ነው? ዜማው የማን ነው? ይህን ቅጂ ማን አደሰው? አንዱ ካልተመለሰልህ ባለቤቱ ጋር፣ ካረፈም ወራሾቹ ጋር ደውለህ አስፈቅድ። ከሐበሻ ሙዚቀኞች ብዙዎቹ ስልክ ያነሳሉ።