ውሃው ሲሸሽ የሚከተል መንገድ

ከላስ ቬጋስ ወደ ምሥራቅ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲነዱ ሚድ ሐይቅ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1935 የተመረቀው ሁቨር ግድብ የኮሎራዶን ወንዝ አግቶ የፈጠረው ሐይቅ ነው። በከተማዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ከቧንቧ ቀድተው የሚጠጡት ውሃ አብዛኛው ከዚሁ የሚመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጀመሪያ የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 370 ሜትር ገደማ ነበር፤ በሐምሌ 2022 ወደ 317 ሜትር ወርዶ ተገኘ። የ53 ሜትር ልዩነት ማለት የአሥራ አምስት ፎቅ ሕንጻ ቁመት ነው። ውሃው ድሮ የነበረበትን ቦታ ዛሬም በዙሪያው ባለው ገደል ላይ የቀረው ነጭ የማዕድን ቀበቶ ያሳያል።

ከዚያ ነጭ ቀበቶ በታች ሌላም የቀረ ነገር አለ፦ ጫፋቸው ደረቅ አሸዋ ላይ የቆመ የኮንክሪት መንገዶች። ጀልባ ወደ ውሃ ይወርድባቸው የነበሩ ናቸው። ኦቨርተን ቢች የተባለው የጀልባ ማረፊያ እ.ኤ.አ. በ2007 ተዘጋ። በ2022 በጋ ደግሞ በዚያ ሰፊ ሐይቅ ዳር በአግባቡ የሚሠራው የጀልባ ማውረጃ ሄመንዌይ ወደብ ያለው አንዱ ብቻ ሆኖ ነበር። ይህ ሁሉ የድርቁ ጥፋት ብቻ አይመስለኝም። መንገዶቹ ሲሠሩ የታሰበው ሐይቁ ያን ጊዜ የቆመበት ቦታ እንጂ ሊሄድ የሚችልበት ቦታ አልነበረም።

የጀልባ ማውረጃ ሥራው ቀላል ነው። ጀልባው በተሳቢ ላይ ተጭኖ ይመጣል። ሾፌሩ መኪናውን ወደ ኋላ እየነዳ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ ያስገባል፤ ጀልባው ሲንሳፈፍ ባዶውን ተሳቢ ይዞ ይወጣል። ማታ ደግሞ በተቃራኒው፣ ውሃ የሚያንጠባጥበውን ጀልባ ጎትቶ ያወጣል። ጭነት ይዞ ዳገት መውጣት፣ ያውም በእርጥብ ጎማ፣ የዚህ መንገድ ትልቁ ፈተና ነው።

ስለዚህ መሐንዲሱ መጀመሪያ የሚወስነው ተዳፋቱን ነው። የተለመደው ከ12 እስከ 15 በመቶ ነው፤ መቶ ሜትር ሲሄዱ ከ12 እስከ 15 ሜትር መውረድ ማለት ነው። ከዚህ ሲበልጥ ጎማው ይንሸራተታል፤ በተለይ ከውሃው ጠርዝ በታች ያለውን ኮንክሪት አረንጓዴ አልጌ ስለሚያለብሰው። ከዚህ ሲያንስ የሚመጣውን ችግር ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ጀልባው ለመንሳፈፍ አንድ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል እንበል። በ14 በመቶ ተዳፋት ያ ጥልቀት ከውሃው ጠርዝ 7 ሜትር ላይ ይገኛል፤ ተሳቢው ገብቶ የመኪናው የኋላ ጎማ ቢረጥብ ነው። ተዳፋቱ 3 በመቶ ብቻ ከሆነ ግን አንድ ሜትር ጥልቀት ለማግኘት 33 ሜትር ውሃ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ጀልባው ገና ሳይንሳፈፍ መኪናው ሞተሩ ድረስ ይሰጥማል።

ውሃው የሚሸሽ ሐይቅ ላይ ችግሩን የሚያከፋው ይኸው ሂሳብ ነው። ከሐምሌ 2021 እስከ ሐምሌ 2022 ባለው አንድ ዓመት ሚድ ሐይቅ 8 ሜትር ያህል ወርዷል። ዳርቻው 14 በመቶ በሚያዘቀዝቅበት ቦታ ውሃው 57 ሜትር ያህል ይሸሻል፤ መንገዱን በዚያው ልክ ማስረዘም ይቻላል። ዳርቻው 3 በመቶ በሆነበት ግን ከ260 ሜትር በላይ ይርቃል። ያን ሁሉ ርቀት ኮንክሪት ቢያነጥፉ እንኳ መንገዱ መሬቱን ተከትሎ ለጥ ያለ ስለሚሆን ጀልባ አያወርድም። ተዳፋቱን ለማስተካከል ተብሎ ቦይ ቢቆፈር ደግሞ በአንድ ክረምት ማዕበል ደለል ይሞላዋል።

ከሁሉ በፊት የሚመረጠው ቦታው ነው የምለው ለዚህ ነው። የኮንክሪቱ ጥራት የሚመጣው ከቦታው በኋላ ነው። ጥሩ ቦታ ማለት ከላይ ከሙሉ ሐይቁ ጠርዝ ጀምሮ እስከ ድሮው የወንዝ አልጋ አቅጣጫ ድረስ ሳይቋረጥ እየቆለቆለ የሚወርድ የመሬት ጫፍ ነው። ሐይቁ ሙሉ ሆኖ ሲታይ ውብ የሆነ፣ ለመኪና ማቆሚያ የሚመች፣ ነፋስ የማይነካው ወሽመጥ ሰውን ያታልላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከሥሩ ሜዳ ነው። ውሃው ጥቂት ሜትር ሲወርድ ጭቃ ሆኖ ይቀራል።

ከሜዳም የባሰ አለ፦ ወንዙ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አፍ። ወንዝ ፍጥነቱ እንደቀነሰ የተሸከመውን ደለል የሚጥለው እዚያ ነው። ከሚድ ሐይቅ በላይ ባለው በፓወል ሐይቅ፣ ኮሎራዶ የሚገባበት ጫፍ ላይ ሃይት የሚባል የጀልባ ማረፊያ ነበር። ሐይቁ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ሲወርድ እዚያ ወንዝና ወፍራም ደለል ብቻ ቀረ፤ ማውረጃውም ከውሃው ርቆ ቀረ። እኛም ዘንድ አዋሽ ወደ ቆቃ የሚያስገባውን ደለል ያየ ሰው ነገሩ አዲስ አይሆንበትም።

ቦታው ከተመረጠ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ «እስከ የት እንውረድ?» ነው። የመንገዱ ታችኛው ጫፍ ጀልባ እንዲወርድ ከሚፈለግበት ዝቅተኛው የውሃ ወለል ቢያንስ አንድ ሜትር ጠልቆ መቀመጥ አለበት። ዝቅተኛውን ወለል ሲወስኑ ያለፉትን ዓመታት መዝገብ ብቻ ማየት አይበቃም፤ ግድቡ የሚተዳደርበትን ሕግም መጠየቅ ያስፈልጋል። የህዳሴ ግድብ የፈጠረውን ንጋት ሐይቅ እንውሰድ፦ ሙሉ ወለሉ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር፣ ዝቅተኛው የሥራ ወለል 590 ሜትር ተብሎ የተነደፈ ነው። በየዓመቱ 50 ሜትር ይወርዳል ማለት አይደለም፤ ግን ሊወርድ የሚችልበት ክልል ያ ነው። ከላይ እስከ ታች በ14 በመቶ ተዳፋት አንድ ማውረጃ ይሠራ ቢባል 360 ሜትር ሊደርስ ምንም አይቀረውም።

ያን ያህል መንገድ በአንድ ጊዜ መሥራት ለማንም ከባድ ነው። ደግነቱ አያስፈልግም። መንገዱን በደረጃ መክፈል ይቻላል፤ በየተወሰነ ከፍታ መኪና የሚዞርበት ሜዳ እየተዉ፣ የላይኛውን ክፍል መጀመሪያ፣ የታችኛውን በኋላ። እዚህ ላይ የውሃው መውረድ ራሱ ረዳት ይሆናል፦ የታችኛውን ክፍል ለመሥራት ከሁሉ የሚመቸው ጊዜ ውሃው ሸሽቶ መሬቱ የደረቀበት ወቅት ነው። ያን ወቅት ሳይጠቀሙበት ያሳለፉ ሰዎች በኋላ ጠላቂ ዋናተኛ ቀጥረው፣ ቀድሞ የተዘጋጀ የኮንክሪት ሰሌዳ እያንሸራተቱ ውሃ ውስጥ ለማስቀመጥ ይገደዳሉ። ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው፤ ወጪውም ሌላ ነው።

ሚድ ሐይቅ ላይ ውሃው ከኮንክሪቱ ፈጥኖ ሲሸሽ ጊዜያዊ መፍትሔ ተገኝቷል። እርስ በርስ የተያያዙ የብረት ቱቦዎችን እንደ ሰሌን በመሬቱ ላይ ዘርግተው መኪና ያስኬዱበታል። ውሃው ሲመለስ ይነሣል፣ ሲሸሽ ይዘረጋል። መንገዱ ጥንካሬው እንደ ኮንክሪት አይሆንም፤ ትልልቅ ጀልባም አይችልም።

ኮንክሪቱ ላይ ሁለት ነገር እንዳይረሳ እለምናለሁ። አንደኛው ፊቱ ነው፦ ለስላሳ ሆኖ ከደረቀ ገዳይ ነው። ገና እርጥብ ሳለ ሰያፍ የሆኑ ጥልቅ ቦዮች ይወጡለታል፤ ጎማ የሚይዘውና ውሃው አሸዋውን ጠርጎ ወደ ጎን የሚፈስሰው በእነርሱ ነው። ሁለተኛው ሥሩ ነው። ሐይቁ ፈጥኖ ሲወርድ ከሰሌዳው በታች የገባው ውሃ ቶሎ መውጣት ካልቻለ ኮንክሪቱን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ አፈሩንም ይዞት ይሄዳል። ከሥሩ ውሃ የሚያሳልፍ ጠጠር ወፍራም ተደርጎ ካልተነጠፈ መንገዱ ከላይ ደህና መስሎ ከታች ባዶ ይሆናል፤ አንድ ቀን ከባድ ተሳቢ ሲወጣበት ይሰነጠቃል። የቋሚ ሐይቅ ማዕበል አንዱን ጠርዝ ብቻ ይመታል፤ የሚወርድ ሐይቅ ማዕበል ግን እያንዳንዷን ሜትር በተራ ይደርሳታል። ስለዚህ የድንጋይ ድርድሩ በሁለቱም ጎን ከላይ እስከ ታች መሄድ አለበት።

የታችኛው ጫፍ የራሱ ጠላት አለው። ብዙ ባለ ጀልባዎች ማታ ሲመለሱ ሞተሩን ሙሉ ኃይል ሰጥተው ጀልባውን ተሳቢው ላይ ያወጣሉ። ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ከኮንክሪቱ ጫፍ በታች ያለውን አፈር ቆፍሮ ጉድጓድ ይሠራል። ውሃው ሲወርድ የሚቀጥለው ሾፌር የተሳቢው ጎማ ከጫፉ ወደዚያ ጉድጓድ ይወድቅበታል። ጫፉ ላይ ከባድ ድንጋይ መደርደርና ልማዱን መከልከል ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ዓሣ አጥማጆች በጀልባ በሚሠሩበት፣ የጥልቀት መለኪያ መሣሪያ ግን በሌለበት ሐይቅ ዳር ቦታ ለመምረጥ የሚረዳ አንድ ቀላል ዘዴ አለ። ውሃው መውረድ ሲጀምር በሦስት ወይም በአራት የታሰቡ ቦታዎች ላይ ካስማ ይተከል። የግድቡ የውሃ መለኪያ አንድ ሜትር መውረዱን ባሳየ ቁጥር በየቦታው አዲሱ የውሃ ጠርዝ ላይ ሌላ ካስማ ይጨመር፤ ቀኑም ይጻፍበት። ደረቁ ወቅት ሲያልቅ በካስማና በካስማ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ሠላሳ ሜትር በሆነበት ቦታ ላይ ገንዘብ አይፍሰስ። ሰባት ስምንት ሜትር ሆኖ እስከ መጨረሻው ካስማ ከዘለቀ መቆፈር ይጀመር።