«ስንተኛ ወጣ?»

የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ካርድ በሚሰጥበት ቀን ወላጆች ገና ሰላምታ ሳንጨርስ የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንተኛ ወጣ?» የማስተምረው አንደኛ ክፍል ነው። ጥያቄው ለልጅ ከማሰብ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እኛም በደረጃ ተመዝነን ነው ያደግነው። ነገር ግን በ7 ዓመት ልጅ ካርድ ላይ የሚሰፍረው ደረጃ ጉብዝናውን ያሳያል ብዬ አላምንም። ብዙውን ጊዜ የሚያሳየው ሰውነቱና አእምሮው በዚያ ሰሞን የት እንደደረሱ ነው።

መጀመሪያ ዕድሜን እንይ። መዝገቡ ላይ ሁሉም «7 ዓመት» ተብለው ይጻፋሉ። መስከረም ላይ የተወለደችውና በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ የተወለደው ግን በ11 ወር ይበላለጣሉ። ለ40 ዓመት ሰው 11 ወር ከቁጥር አይገባም፤ ለ7 ዓመት ልጅ ግን ከኖረው ዕድሜ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። በዚህ ዕድሜ ልጅ በዓመት ከ5 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ያድጋል፤ ቋንቋው ይሰፋል፣ ትዕዛዝ ሰምቶ እስከ መጨረሻው መፈጸም ይለምዳል። ታላቂቱ ቀድማ ታናሹ ወደ ኋላ ሲቀር ካርዱ «ጎበዝ» እና «ሰነፍ» አስመስሎ ያቀርባቸዋል።

የልደት ምስክር ወረቀት ባልተለመደበት ጊዜ ትምህርት ቤቶች ልጅ የሚቀበሉበትን መንገድ ብዙ አንባቢ ያስታውሰዋል። ቀኝ እጅ በአናት ላይ ዞሮ የግራ ጆሮን ከነካ ልጁ ደርሷል፤ ካልነካ በሚቀጥለው ዓመት ይምጣ። ዘዴው መሠረት አለው፤ የሕፃን ራስ ከአካሉ ጋር ሲነጻጸር ትልቅ፣ ክንዱም አጭር ነው፤ ወደ 6 እና 7 ዓመት ሲጠጋ ክንዱ ይረዝማል። ሆኖም መለኪያው የሚነግረን የክንድን ርዝመት እንጂ ዕድሜን አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ሕፃናት 37ቱ የቀነጨሩ ነበሩ። በምግብ እጥረት ቁመቱ የተገታ ልጅ ዕድሜው ደርሶም ጆሮውን ላይነካ ይችላል። ዛሬ ያንን መለኪያ ትተነዋል፤ ደረጃን ግን አልተውንም።

ከዚያ እጅ ይመጣል። የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶች አሉት። ልጅ ሲወለድ ሁሉም ለስላሳ ናቸው፤ ወደ አጥንትነት የሚለወጡት በየተራ ነው፣ በ7 ዓመትም ሥራው ገና አላለቀም። በዚህ ደግሞ ሴቶች ልጆች ከወንዶች ይቀድማሉ። በዚህ ባልጠና እጅ ነው 33ቱን ፊደላት በሰባት ሰባት ቅርጻቸው፣ ማለትም 231 ቅርጾችን፣ በመስመር መካከል አስተካክለህ ጻፍ የምንለው። «ቢ» እና «ቤ» የሚለያዩት እግራቸው ሥር ባለች አንዲት ቅጥያ ነው። «ቡ» ላይ የቀኙን ቅጥያ በግራ የሚያደርግ ልጅ በየዓመቱ ይገጥመኛል። በዚህ ዕድሜ ፊደልን ገልብጦ መጻፍ የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ በልምምድ ይተዉታል። ደብተሩን በቀይ እስክሪብቶ መሙላት ግን አንጓውን አያጠነክረውም። ጭቃ ማድቦልቦል፣ ወረቀት በመቀስ መቁረጥ፣ ቁልፍ መቆለፍና ጫማ ማሰር ያጠነክሩታል።

ጥርስም ከንባብ ውጤት ጋር ይገናኛል። የፊት ጥርሶቹ የወለቁበት ልጅ «ሰ» እና «ዘ»ን አጥርቶ ማለት ይቸገራል፤ ጓደኞቹ ከሳቁበት ድምፁን ከፍ አድርጎ ማንበብ ይተዋል፣ እኛም «ንባብ ደካማ» ብለን እንጽፍበታለን።  

የአስተሳሰብ ለውጡን ለማየት ሁለት እኩል ብርጭቆና አንድ ረጅም ቀጭን ብርጭቆ ይበቃል። ስዊዘርላንዳዊው ዣን ፒያዤ ያስተዋወቀው ሙከራ ነው። በእኩል ብርጭቆዎች እኩል ውኃ አደርግና አንዱን ወደ ቀጭኑ እገለብጠዋለሁ። የትኛው ይበልጣል? ግማሾቹ ወደ ረጅሙ ይጠቁማሉ። ሌሎቹ «ቲቸር፣ ያው ነው እኮ! ምንም አልጨመሩበትም» ይላሉ። ብዙ ልጆች ይህን ድልድይ የሚሻገሩት በ7 ዓመት አካባቢ ነው። ገና ያልተሻገረው ልጅ 5 እና 3፣ 6 እና 2 አንድ ድምር መሆናቸውን በቃሉ ሊሸመድደው ይችላል፤ እንዲገባው ግን በጠጠርና በቆሎ ፍሬ ደጋግሞ መደርደርና መቁጠር አለበት። ቁጣ እዚህ ላይ ምንም አይሠራም።

ይህን ስል «ሁሉም በጊዜው ይደርሳል» ብለን እጃችንን አጣጥፈን እንቀመጥ ማለቴ አይደለም። ከሰሌዳው ይልቅ ከጎረቤቱ ደብተር የሚገለብጥ ልጅ ዐይኑ ይታይ። ጆሮው ፈሳሽ የሚያወጣ ወይም ሲጠሩት ቶሎ የማይሰማ ልጅ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ጠዋት ዴስክ ላይ የሚያንቀላፋ ልጅ በልቶ መምጣቱና በቂ መተኛቱ ይጠየቅ፤ በዚህ ዕድሜ ቢያንስ 9 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሁለተኛ ክፍልን ሲጨርስም ፊደል የማይለይ ልጅ ካለ መጠበቁ ይብቃ፤ ምክንያቱ በአስቸኳይ ይፈለግለት። እነዚህን ሁሉ ደረጃ አይነግረንም፤ እንዲያውም ይሸፍናቸዋል።

ስለዚህ ለትምህርት ቤቶች የምለው ግልጽ ነው፦ ቢያንስ በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ካርድ ላይ ደረጃ መጻፍ ይቅር፤ በቦታው ልጁ ምን እንደቻለና ምን እንደቀረው ይጻፍ። ወላጆችም ካርድ ልትወስዱ ስትመጡ ሦስት ነገር ጠይቁን፦ ከመስከረም ወዲህ ምን አዲስ ነገር ቻለ? ምን ይከብደዋል? ቤት ውስጥ በምን እናግዘው? እነዚህን መመለስ ያቃተው መምህር ካለ፣ ደካማው ልጃችሁ ሳይሆን መምህሩ ነው።