የሐዲያንና የከምባታን ኑሮ ማን ይመርምር

ሙሴ የከነዓንን ምድር የሚሰልሉ ሰዎች በላከ ጊዜ የምድሪቱን ልምላሜና የሕዝቡን ብዛት አይተው እንዲነግሩት አዘዛቸው። የላካቸውንም ከየነገዱ አንዳንድ ሰው አድርጎ መረጠ እንጂ ከአንድ ሰፈር ብቻ አልሰበሰባቸውም።

በኢትዮጵያ ስለ ማኅበራዊና ስለ ኢኮኖሚ ፖሊሲ የሚደረገው ምርምር መቀመጫው አዲስ አበባ ነው። በ1991 ዓ.ም. ተቋቁሞ የነበረው የኢትዮጵያ ልማት ምርምር ኢንስቲትዩት ከሌላ የጥናት ማዕከል ጋር ተዋሕዶ የፖሊሲ ጥናት ኢንስቲትዩት ሆኗል፤ ይኸውም በዚያው ይገኛል። የመርማሪ ሥራ ሲከፈት ማስታወቂያው ብዙ ጊዜ በእንግሊዝኛ ይወጣል፤ የብዙ ዓመት ልምድም ይጠይቃል።

የሐዲያና የከምባታ አገር ግን ሳይመረመር የቀረ አይደለም። በቀዲዳ ጋሜላ ወረዳ የምትገኘው አዜ ደቦአ ከ1986 እስከ 2001 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አገር ሊቃውንት ጋር ሆኖ እየተመላለሰ ካጠናቸው 15 የገጠር ቀበሌዎች አንዷ ነበረች። ሥራው የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን በእንዲህ ያለው ጥናት ለአገሩ ተወላጅ የሚደርሰው ዕድል አብዛኛውን ጊዜ የጥያቄ ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት መዞርና ማስተርጐም ነው፤ ጥያቄውን የሚያወጣውና መልሱን የሚተረጕመው ሌላ ነው።

ጕዳቱ በእንሰት ነገር ይታያል። ጤፍ በሚታጨድበት አገር ያደገ መርማሪ ገበሬውን «ዘንድሮ ስንት ኩንታል አገባህ» ብሎ ይጠይቃል። እንሰት ግን ዓመታት በጓሮ ቆሞ የቤት ችግር በጠየቀ ጊዜ የሚቈረጥ፥ ተፍቆም በጕድጓድ ለወራት የሚቀበር ስለ ሆነ በአንድ የመከር ቀን አይሰፈርም። የሚፍቁትም ሴቶች ናቸውና ባልዮው የሚመልሰው በግምት ነው። እንግዲህ በጓሮው ሀብት የቆመለት ቤት በመዝገብ ድኻ ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ከዚህ የሚከብደው ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚደረገው ስደት ነው። መጋቢት 15 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ በቴቴ አውራጃ በአንድ የጭነት መኪና ሣጥን ውስጥ 64 ሰዎች ታፍነው ሞተው ተገኙ፤ ኢትዮጵያውያን እንደ ሆኑም ተነገረ። ከሆሳዕናና ከዱራሜ አካባቢ ብዙ ወጣቶች በዚያ መንገድ ሄደዋል። ሹማምንት ይመክራሉ፥ ካህናትም ያስተምራሉ፤ ነገር ግን የመንገዱ ዋጋ ከብት ተሽጦ ወይም ወንድም ልኮ እንደ ተከፈለ፥ የተላከውም ገንዘብ ቤት ሠርቶ ወይም ንግድ አቁሞ እንደ ሆነ ሳይታወቅ የሚሰጥ ምክር ጆሮ አያገኝም። ስለ ደላላ ነገር ለማያውቀው ሰው የሚናገር ቤተ ሰብ የለም፤ በቋንቋው ለሚያጫውተው ግን ቀስ በቀስ ይገልጥለታል።

ሆሳዕና ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ ሆናለች፤ የዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም በዚያው ያስተምራል፥ በዱራሜም ቅርንጫፍ አለው። ስለዚህ የክልሉ ቢሮዎች የመርማሪ መደብ ቢከፍቱ፥ በማስታወቂያውም ሐዲይሳና ከምባትሳ ማወቅ እንደ ችሎታ ቢቈጠር፥ የጥያቄ ወረቀት ይዞ የዞረበትም ዘመን ለተማረው ወጣት እንደ ልምድ ቢታሰብለት የሚገባ ነው። ይህም ከሌላ ስፍራ የሚመጣ ሊቅ ይከልከል ማለት አይደለም፤ ተወላጁ ስለ ለመደው የማያየውን እንግዳው ያያልና። ይልቁንም ሁለቱ አብረው ሠርተው የጥናቱን ቃል በአማርኛ ጽፈው አንድ ቅጂ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ይተዉ፤ እስከ ዛሬ የተጠየቀው ገበሬ የመልሱን ፍሬ ያየበት ጊዜ ጥቂት ነው።