አንድ ቀን በሃይፋ ወደብና በገበያዎቿ



አዲስ ገቢ ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሳልፈው በኡልፓንና በቢሮ ነው። ጠዋት ፊደል፣ ከሰዓት በኋላ ቅጽ መሙላት። በዚህ መካከል የሚኖርበትን ከተማ ዞሮ ሳያየው ዓመት ያልፋል። ከተማውን የማያውቅ ሰው ደግሞ መጀመሪያ በሩን ካንኳኳው ነጋዴ ይገዛል፣ መጀመሪያ በሰማው ዋጋም ይስማማል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ሃይፋን እንደ መንገደኛ ለአንድ ቀን እንድትጎበኙ፣ ከዚያም ገበያ ስትወጡ ገንዘባችሁን እንዴት እንደምትጠብቁ እንነግራችኋለን። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ወደቡ

ከጎንደር ገጠር ለመጣ ሰው ትልቁ ውኃ ጣና ነበር። እዚህ ግን ከተራራው ላይ ሆኖ ወደ ታች ሲመለከት፣ ማዶው የማይታይ ባሕርና እንደ ሰፈር የሚረዝሙ መርከቦች ያያል። የሃይፋ ወደብ በእንግሊዞች ዘመን ተሠርቶ በ1933 ተከፈተ። በሐምሌ 1947 «ኤክሶደስ» የተባለችው መርከብ ከናዚዎች እልቂት የተረፉ 4,500 ያህል አይሁዶችን ይዛ ወደዚህ ወደብ መጣች። እንግሊዞች ግን እንዲቀሩ አልፈቀዱም፤ በሌሎች መርከቦች ጭነው ወደ አውሮፓ መለሷቸው። በጎንደርና በአዲስ አበባ ዓመታት ቆሞ ተራውን የጠበቀ ሰው ይህ ታሪክ ያለ አስተርጓሚ ይገባዋል።

ወደቡ የታጠረ ስለሆነ ዝም ብሎ መግባት አይቻልም። መርከብ በቅርብ ማየት ለሚፈልጉ ልጆች በአለንቢ መንገድ ያለው የስውር ስደትና የባሕር ኃይል ሙዚየም አለ። በ1947 ስደተኞችን ይዛ ስትመጣ የተያዘችው «አፍ አል ፒ ኼን» የተባለችው መርከብ እዚያ ቆማለች። ከሙዚየሙ አጠገብ በተራራው ግርጌ የነቢዩ ኤልያስ ዋሻ ይገኛል። ሽማግሌዎቻችን የኤልያስንና የቀርሜሎስን ነገር ከኦሪት ቄሶች አፍ እየሰሙ ያደጉ ናቸውና ይህን ቦታ ለልጅ ልጆቻቸው እነሱ ቢያስረዱ መልካም ነው።

የቻይና ዕቃና የሻንጋይ ከተማ

በወደቡ ከሚራገፈው ዕቃ ውስጥ ከቻይና ከተሞች የሚመጣው ብዙ ነው። በመርካቶ የለመድነው የቻይና ጫማ፣ ፋኖስና ምጣድ እዚህም በየሱቁ አለ። ሃይፋ ከሻንጋይ ጋር ከ1993 ጀምሮ እህትማማች ከተማ ናት። ሻንጋይ ከ2010 ጀምሮ በኮንቴይነር ብዛት በዓለም አንደኛውን ደረጃ የያዘ ወደብ ያላት ከተማ ስትሆን፣ በ2021 በሃይፋ የተከፈተውን አዲሱን የባሕረ ሰላጤ ወደብ የሚያስተዳድረውም የሻንጋይ የወደብ ድርጅት ነው። አሮጌውን ወደብ ደግሞ በ2023 አንድ የህንድ ኩባንያ ከእስራኤል ኩባንያ ጋር ሆኖ ገዝቶታል።

ሻንጋይ ለአይሁዶች የዕቃ ከተማ ብቻ አይደለችም። ሌሎች አገሮች በራቸውን በዘጉበት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ከአውሮፓ የሸሹ ከ18,000 የማያንሱ አይሁዶች በሻንጋይ ተጠልለው ተርፈዋል። የጸለዩበት አንድ ምኵራብ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ወደ ሌሎች አገሮች ሄዱ፣ ከእነርሱም ወደ እስራኤል የመጡ አሉ።

ከታች ወደ ላይ

ጉብኝቱን ከታችኛው ከተማ ከፓሪስ አደባባይ ጀምሩ። ከዚያ ካርሜሊት የሚባለው የምድር ውስጥ ባቡር ይነሳል። በ1959 የተከፈተ ነው፤ ርዝመቱ 1.8 ኪሎ ሜትር፣ ጣቢያዎቹ 6 ብቻ ናቸው። ባቡሩ እንደ ደረጃ ሽቅብ ስለሚወጣ ልጆች ይደሰቱበታል። በሰንበት አይሠራም። የመጨረሻው ጣቢያ ጋን ሃኤም ነው። ከዚያ ጥቂት በእግር ስትሄዱ ወደቡ በሙሉ ከታች የሚታይበት የሉዊ መናፈሻ መንገድ አለ፤ መመልከቻው ክፍያ የለውም።

ከዚሁ አካባቢ የባሃኢዎችን የአትክልት ቦታ ታያላችሁ። 19 እርከኖች አሉት፤ በ2001 ለጎብኚ ተከፈተ፣ በ2008 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። መግቢያው በነጻ ነው። የሌላ ሃይማኖት የተቀደሰ ቦታ ስለሆነ በጨዋ ልብስ መሄድ ይገባል። የሚከፈትበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጠይቁ። ምሳ ከቤት ይዛችሁ ብትሄዱ የቀኑ ወጪ ከባቡር ቲኬት አያልፍም ማለት ይቻላል።

ወደ ገበያ

ስትመለሱ በካርሜሊት ሃኔቪኢም ጣቢያ ብትወርዱ ሃዳር የሚባለው ሰፈር ነው። በሲርኪን መንገድ የታልፒዮት ገበያ አለ፤ አትክልት፣ ፍራፍሬና ዓሣ ይሸጥበታል። ከዚያ ቁልቁል በእግር የሚያስኬድ ርቀት ላይ ዋዲ ኒስናስ የሚባለው የዓረቦች ሰፈር አለ፤ የቅመምና የቡና ሱቆች አሉበት። እናቶች የሚፈልጉትን በዕብራይስጥ ስም ቢያውቁት ይጠቅማል። አብሽ ሒልቤ ይባላል፣ ጥቁር አዝሙድ ቀጻሕ፣ ድንብላል ኩስባራ፣ እርድ ደግሞ ኩርኩም ነው። ሥጋ ስትገዙ ግን የካሽሩት ምስክር ወረቀት መኖሩን ተመልከቱ።

ሁለት ነገር አስተውሉ። አትክልት የሚሸጠው በኪሎ ሲሆን፣ በቅመምና በለውዝ ላይ የተጻፈው ዋጋ ብዙ ጊዜ የ100 ግራም ነው፤ ርካሽ መስሎ የታየው ሚዛን ላይ ሲወጣ አሥር እጥፍ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ በመርካቶ የለመድነው ክርክር በሱቅ ውስጥ ብዙም አይሠራም። በሕጉ መሠረት ነጋዴው ዋጋውን በዕቃው ላይ ወይም አጠገቡ ጽፎ ማሳየት አለበት፤ ካልተጻፈ ከመመዘኑ በፊት ጠይቁ። የመጠጥ ጠርሙስና ቆርቆሮም አትጣሉ፤ ስትመልሱት በእያንዳንዱ 30 አጎሮት ይከፈላችኋል።

ትልልቅ ዕቃ ሲገዛ

ቤት ለቤት በምዞርበት ሥራዬ ብዙ ጊዜ የማየው ችግር ያለው በሽንኩርትና በቲማቲም ላይ አይደለም። ቤተሰብ ከመርካዝ ክሊታ ወጥቶ አዲስ ቤት ሲገባ ቴሌቪዥን፣ ሶፋና ስልክ በአንድ ሳምንት ይገዛል። «ታሽሉሚም» ማለትም በየወሩ ተከፋፍሎ የሚከፈል ነው ሲባል ቀላል ይመስላል። ሒሳቡን እንየው። የ2,400 ሼቄል ቴሌቪዥን በ12 ወር ሲከፈል በወር 200 ነው። የ3,600 ሼቄል ሶፋ በወር 300፣ የ1,200 ሼቄል ስልክ በወር 100 ነው። እያንዳንዱ ለብቻው ትንሽ ነው፤ ሲደመር ግን በየወሩ 600 ሼቄል ለአንድ ዓመት ከቤቱ ይወጣል። ስለዚህ አንዱ ሳያልቅ ሌላውን አትጀምሩ። ክፍያው ያለ ወለድ፣ «ብሊ ሪቢት» መሆኑንም ጠይቁ።

ሁልጊዜ ደረሰኝ ተቀበሉና አስቀምጡ። በሕጉ ከ50 ሼቄል በላይ የሆኑ ብዙ ዓይነት ዕቃዎችን ያልተጠቀማችሁባቸው ከሆነ መልሳችሁ ገንዘባችሁን መቀበል ትችላላችሁ። ለኤሌክትሪክ ዕቃና ለቤት ዕቃ 14 ቀን፣ ለልብስና ለጫማ 2 ቀን ተፈቅዷል። የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመብራት ጋር ከተገናኘ እንደተጠቀማችሁበት ይቆጠራል። ሻጩ ከዋጋው 5 በመቶ ወይም 100 ሼቄል፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ ሊቀንስ ይችላል።

ለእናንተ ለአዲስ ገቢዎች ደግሞ የተለየ መብት አለ። ሻጭ ቤታችሁ መጥቶ ወይም በስልክ አነጋግሯችሁ ውል ካስፈረማችሁ፣ የዖሌ ምስክር ወረቀት ከተቀበላችሁ 5 ዓመት እስካልሞላ ድረስ ውሉን በ4 ወር ጊዜ ውስጥ መሰረዝ ትችላላችሁ። ሌላው ሰው ያለው ጊዜ 14 ቀን ብቻ ነው። ስረዛውን በጽሑፍ ላኩ፣ ግልባጩን ያዙ። ቋንቋውን ሳታውቁ ፈርማችሁ ከሆነ አፍራችሁ ዝም አትበሉ፤ ሕጉ የወጣው እንዲህ ላለው ሰው ነው።

አባትና እናት ከፊት ይሂዱ

ልጆች ዕብራይስጥ ቶሎ ይይዛሉ። በዚህ የተነሳ በሱቅ የሚጠይቀው ልጅ፣ የሚከራከረው ልጅ፣ በመጨረሻም የሚወስነው ልጅ ሲሆን እናያለን። አንድ አባት «በአገሬ በሬ ስገዛ ጥርሱን አይቼ ነበር፤ እዚህ ልጄ የሚለኝን ብቻ እሰማለሁ» ብለውኛል። ልጅ ቢያስተረጉም ነውር የለውም፤ ውሳኔው ግን የወላጅ ይሁን። ከቤት ሳትወጡ ምን እንደሚገዛና እስከ ስንት ሼቄል እንደሆነ አባትና እናት ይነጋገሩ። በገበያው «ካማ ዜ ኦሌ?» ማለትን፣ ማለትም ስንት ነው ብሎ መጠየቅን፣ ራሳችሁ ጀምሩ። መልሱ ካልገባችሁ ቁጥሩን ጻፉልኝ በሉ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ አንድ ቀን ወደቡን፣ ሌላ ቀን ገበያውን እያያችሁ ከተማው ይለመዳል። ያልገባችሁ ውል ወይም ደብዳቤ ከመጣባችሁ ሳትፈርሙ በሰፈራችሁ ላለው የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ አሳዩ። መልካም ጉብኝት ይሁንላችሁ።