የኪስ መጫወቻው ታሪክ በማን ምስክርነት ይጻፍ?

የአንድን ዕቃ ታሪክ መጻፍ ቀላል ይመስላል። ዕቃው በእጅ ይገኛል፤ የሠራው ኩባንያ ይታወቃል፤ ዘመኑም ሩቅ አይደለም። ይሁን እንጂ የጃፓኑ ኒንቴንዶ ከ1980 እስከ 1991 ያወጣቸውን «ጌም ኤንድ ዎች» የተባሉ የኪስ መጫወቻዎች ታሪክ ስንመረምር ነገሩ እንደሚመስለው ቀላል አለመሆኑን እንረዳለን። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

እነዚህ መጫወቻዎች በሸሚዝ ኪስ የሚገቡ፣ በትንንሽ ክብ ባትሪዎች የሚሠሩ፣ ሰዓትም የሚያሳዩ ነበሩ። የመጀመሪያው «ቦል» ሲሆን የወጣው በ1980 ነው። ከዚያ በኋላ 60 ያህል ዓይነት ተሠርቶ በጠቅላላው ከ43 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል።

እኛ የሕክምና ተማሪዎች የለመድነው አንድ ሥርዓት አለ። በሽተኛው የሚናገረውን በጥሞና እንሰማለን፤ በሰማነው ብቻ ግን መድኃኒት አናዝም። የላቦራቶሪውን ወረቀት እናያለን፤ ገላውን እንመረምራለን። ሦስቱ ካልተስማሙ እንደገና እንጠይቃለን። ለዕቃ ታሪክም ይኸው ሥርዓት ይሠራል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ የሰው ቃል አለ። የመጫወቻው አባት የሚባሉት መሐንዲሱ ጉንፔይ ዮኮይ ናቸው። እርሳቸው እንደተረኩት፣ ሐሳቡ የመጣላቸው በባቡር ሲጓዙ አንድ ተሳፋሪ ጊዜ ለማሳለፍ የሒሳብ ማሽን ቁልፎች ሲነካካ አይተው ነው። ስለ ሥራቸው የሚናገር መጽሐፍ በ1997 በጃፓንኛ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በመኪና አደጋ ሞቱ። ታሪኩ ያምራል፤ ተራኪው ግን ባለጉዳዩ ራሳቸው ናቸው። በ2010 ደግሞ በጊዜው የኩባንያው ፕሬዚዳንት የነበሩት ሳቶሩ ኢዋታ በሥራው የተካፈሉትን አንጋፋ ሠራተኞች ጠይቀው ቃላቸው ይፋ ሆኗል። ይህም ጠቃሚ ምስክርነት ነው፤ ነገር ግን ከ30 ዓመት በኋላ፣ በአለቃ ፊት የተሰጠ ቃል መሆኑን መርሳት አይገባም።

ሁለተኛው ምስክር ወረቀት ነው። በ1982 በወጣው «ዶንኪ ኮንግ» ላይ በአራት አቅጣጫ የሚጫን የመስቀል ቅርጽ ያለው ቁልፍ ተገጠመ። የዚህ ቁልፍ ፈጣሪ ዮኮይ ናቸው ተብሎ በብዙ ቦታ ተጽፏል። ሆኖም ስለዚህ ዓይነቱ ቁልፍ በ1987 በአሜሪካ ለኒንቴንዶ የተሰጠውን ቁጥር 4,687,200 ፓተንት ብንገልጥ በፈጣሪነት የተመዘገበው ስም ኢቺሮ ሺራይ ነው። ይህ ዮኮይን ሐሰተኛ አያሰኛቸውም፤ ሐሳቡን ያመነጨውና አሠራሩን በዝርዝር የነደፈው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ነገር ግን በአንድ ታላቅ ስም ጥላ ሥር የሌላው ሠራተኛ ድካም እንዴት እንደሚሸፈን በግልጽ ያሳየናል።

ሦስተኛው ምስክር ዕቃው ራሱ ነው። በ1980ዎቹ በሶቪየት ኅብረት «ኤሌክትሮኒካ» በሚል ምልክት «ኑ፣ ፖጎዲ!» የተባለ መጫወቻ ይሸጥ ነበር። በእርሱም አንድ ተኩላ የሚንከባለሉ ዕንቁላሎችን በቅርጫት ይቀልባል። በ1981 ከወጣው «ኤግ» ጋር ጎን ለጎን ቢቀመጥ ቅጂ መሆኑ ይታወቃል። የአገሩ ልጆች 1000 ነጥብ ላገኘ ሰው መሣሪያው የካርቱን ፊልም ያሳየዋል እያሉ ያወሩ ነበር። መስታወቱን የመረመረ ግን ይህ እንደማይሆን ያውቃል። እያንዳንዱ የተኩላው አቋምና እያንዳንዱ ዕንቁላል በፈሳሽ ክሪስታሉ መስታወት ላይ ቦታው በፋብሪካ አስቀድሞ ተቀርጿል፤ ኤሌክትሪኩ የሚያደርገው የተቀረጸውን ማጥቆር ብቻ ነው። ታዲያ ያልተቀረጸው ፊልም ከየት ይመጣል?

እንግዲህ ቃል ለወረቀት፣ ወረቀትም ለዕቃው እየቀረበ መመርመር አለበት። ጊዜው ግን አይጠብቅም። ባትሪ አፍስሶ ሽቦውን ይበላል፤ መስታወቱ ይደበዝዛል፤ በፋብሪካው የሠሩት ያረጃሉ። ኩባንያው በ2024 በኪዮቶ አጠገብ ባለችው በኡጂ ከተማ ሙዚየም መክፈቱ መልካም ነው፤ ይሁንና እዚያም የሚተርከው ባለቤቱ ነው። ስለዚህ የአሮጌው መጫወቻ ካርቶንና የአጠቃቀም መመሪያ ያለው አይጣል፤ በሥራው የተካፈለን ሰው የሚያውቅም ዛሬውኑ ይጠይቀው። ሻጩ ብቻ የሚጽፈው ታሪክ የሠሪውን ስም ይዘነጋልና።